ለዳገቱ የተገዛው ቱቦ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ይህን ግን በአፌ ለማውራት ስለማፍር ጻፍኩት። ከወልቂጤ ወደ እምድብር ስንሄድ ሚኒባሱ ዳገት ላይ እያቃሰተ ቆመ። ከሹፌሩ አጠገብ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ተቀምጠው ነበር።

«ምን ነካው ልጄ?» አሉት።

«እኔንጃ ጋሼ። የድሮውን የአየር ማጣሪያ አስወጥቼ ቀዝቃዛ አየር የሚስብ አዲስ ቱቦ ትናንት አስገጥሜለታለሁ። የፈረስ ጉልበት ይጨምራል ብለውኝ ነው።»

«ታዲያ ፈረሱ የታለ? አህያ ቀድሞን አለፈ እኮ።»

ከኋላ ተሳቀ። ሦስት ሰዎች ግን ወርደው ሌላ መኪና ያዙ።

«አይሳቁብኝ ጋሼ። መኪናው የአጎቴ ነው። ዛሬም ዳገት ላይ ከቆመ ቁልፉን እቀበልሃለሁ ብሎኛል።»

«በል ወንበሩን አንሳና ሞተሩን አሳየኝ። ቱቦው አፍ ላይ ያለው ይሄ ጨርቅ ምንድን ነው?»

«የባለቤቴ ሻሽ ነው። አቧራ እንዳይገባበት ብዬ አሰርኩት።»

«አፍንጫውን አፍነህ ዳገት ውጣ ትለዋለህ?»

ሻሹን ፈታው። ሞተሩ ተነሳ፤ ዳገቱንም ቀስ ብሎ ወጣ።

«እና ጋሼ፣ ቱቦው ጉልበት አይጨምርም?»

«ትንሽ ይጨምር ይሆናል። አንተ የምትሰማው ግን ጩኸቱን ነው። የኛን መንገድ አቧራ የሚችለው የድሮው ማጣሪያ ነው፤ እሱን መልስለት።»

«አላህ ዕድሜ ይስጥዎ። እንጀራዬን አተረፉልኝ።»

እኔ የቀረሁት «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ነበር፤ ሹፌሩ ግን እምድብር ስወርድ «እህቴ፣ አምነሽኝ ስለቆየሽ አላህ ያክብርሽ» አለኝ።