ከጀልባዋ መሰላል ላይ ስለወደቁት ስለ ጋሼ አያሌው

የመስካሪዋ ስም፦ መሰረት ወርቅነህ
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ የሕፃናት መዋያ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ሬይኖልድስበርግ፣ ኦሃዮ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. (በዚህ አገር ጁን 23 ቀን 2025)፣ ከጠዋቱ 9፡20 (ሰዓቱ ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው)፣ ኮሎምበስ
ቋንቋ፦ አማርኛ፣ በመስካሪዋ እጅ የተጻፈ
አስተርጓሚ፦ ህብረት ዘካርያስ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው፣ ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ መጥቼ ነው። ትናንት እሁድ በቦታው ለነበረችው የፖሊስ ኦፊሰር በእንግሊዝኛ በተናገርኩት ውስጥ አንድ ውሸት አለ፤ እሱን ላርም ነው የመጣሁት። ኦፊሰሯ በሚቀለኝ ቋንቋ እንድጽፍ ወረቀት ሰጥታኛለች። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ የጽሑፍ ስህተት ቢገኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን ደብረ ብርሃን ፖሊስ ስለነበር፣ ቃል ሲሰጥ ሰዓትና ቦታ እንደሚቀድም፣ ያላዩትንም አየሁ እንደማይባል አውቃለሁ።

ነገሩ ጋሼ አያሌው ከጋሼ ፍቅረማርያም ጀልባ መሰላል ላይ ወድቀው ትከሻቸው ስለመሰበሩ ነው። ማዶ ያለው ጎረቤት ጋሼ ፍቅረማርያም ገፍተው ሲጥሏቸው አይቻለሁ ብሎ 911 ኮል አድርጓል። ጎረቤቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ በረዶ ሲጥል የጋሼ ፍቅረማርያምን ድራይቭዌይ፣ ደጃፋቸው ያለውን የመኪና መግቢያ፣ ሳይጠየቅ የሚጠርግ ሰው ነው። ያየው ነገር ግን እሱ እንደመሰለው አይደለም። ጋሼ አያሌው ደግሞ ሆስፒታል ሆነው "ምንም አላስታውስም" ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ስለዚህ እኔ ዝም ካልኩ ጋሼ ፍቅረማርያም ሽማግሌ ደብድበሃል ተብለው ሊከሰሱ ነው።

ጋሼ ፍቅረማርያም 67 ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው እትዬ ሸዋረጋ 63 ናቸው። ቤታቸው ኮሎምበስ ምሥራቅ፣ ከእኔ ቤት በመኪና ስምንት ደቂቃ ይሆናል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ ልጄን ክርስትና ያነሱት እትዬ ናቸው። ጋሼ ሃያ ስድስት ዓመት የኤርፖርት ፓርኪንግ አውቶቡስ ነድተው፣ ያው ክብ መንገድ፣ ያው ክብ መንገድ፣ አምና በመስከረም ሪታየር አደረጉ። በኅዳር ባለ ሃያ ስምንት ጫማ ጀልባ በትሬይለር አስጎትተው መጥተው ድራይቭዌይ ላይ አቆሙ። አሮጌ ናት፤ ሁለት አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና ከመሶብ የማይበልጥ መታጠቢያ አላት። አሳባቸው በመጪው መስከረም ኦሃዮ ወንዝ ላይ አውርደዋት፣ እየኖሩባትና እየተጓዙ እስከ ኒው ኦርሊንስ ሊሄዱ ነው። የሞተር ትምህርት ወስደዋል። በሶና ሽሮው በባልዲ በባልዲ ታሽጎ ተጭኗል። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ ለመልመድ ብለው ማደሪያቸውም እዚያው ሆነ፤ በሳምንት ሃያ ጋሎን ውሃ ብቻ ለራሳቸው ፈቅደው፣ ድራይቭዌይ ላይ። እትዬ "ቤቱ እያለው በር ላይ የሚያድር፣ ዘበኛ ሆኖብኝ ቀረ" ይሉ ነበር።

ማታ ማታ የወንዙን ካርታ ዘርግተው፣ ጉዞው ተጀምሮ ቢሆን ዛሬ የት ይደርሱ እንደነበር በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። እኔ ከሥራ ስመለስ ቆም ብዬ "ጋሼ፣ መርከቡ የት ደረሰ?" እላለሁ። "ኬንታኪን ጨረስን፤ ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ፣ እዚህ አፈር አይገባም" ይሉኛል። ባለፈው ረቡዕ ስጠይቃቸው "ሜምፊስ" አሉና እርሳሱን አስቀመጡ። "ብቻዬን ነኝ እንጂ ሰፈሩስ ደህና ነበር" አሉ። ያን ቀን ጫማም አውልቂ አላሉኝም።

ምክንያቱም እትዬ አልሄድም ብለዋል። "እኔ ውሃ የማውቀው ለጠበልና ለወጥ ነው" ብለው ነበር፣ ሰው ፊት። በመሰላሉ አንድ ቀን ወጥተው አያውቁም።

ትናንት ያልተናገርኩት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ እትዬ ቤቴ መጡና በሩን ራሳቸው ዘግተው "ዋና መማር እፈልጋለሁ፤ ለእሱ ትንፍሽ ብትዪ መድኃኔዓለም ይፍረድብሽ" አሉኝ። ለምን እንደሚደብቁ ስጠይቅ "ካቃተኝስ? ተስፋ አስይዤው ከምከለክለው፣ አሁኑኑ እንደተቆጣኝ ይቆይ" አሉ። በሕፃናት መዋያው አብራኝ የምትሠራው ሙኒራ ሴቶች ብቻ የሚዋኙበት ሰዓት ያለበትን መዋኛ አሳየችን። ለእትዬም ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጥቁር የመዋኛ ልብስ ከነሻሹ ሰጠቻቸው። እትዬ ለብሰው መስታወት አይተው "ጎሽ፣ ይኼ እንኳ የክርስቲያን ልብስ ነው" ሲሉ ሙኒራ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች።

በመጀመሪያ ትምህርቱ ሐሙስ ማታ ነበር። ሰኔ ሲገባ አስተማሪዋ ወደ እሁድ ከ11፡30 እስከ 12፡30 አዛወረችው። የቅዳሴ ሰዓት ነው። እትዬ በጣም ተጨነቁ፤ ንስሐ እገባለሁ ብለው ቀጠሉ። ስለዚህ ሦስት እሁድ በተከታታይ ጋሼን ቤተ ክርስቲያን ነኝ ብለው መዋኛ ሄደዋል፤ የወሰድኳቸውም እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እትዬ ቀርተው ስለማያውቁ፣ ታመው ነው የሚል ወሬ ተነሣ። እኔ ብዙ ጊዜ ስለምቀር የእኔን መቅረት ማንም ልብ አላለም።

ስለ ድንኳኑም ኦፊሰሯ ደጋግማ ስለጠየቀችኝ ላስረዳ። እድር የሚባል ማኅበር አለን፤ ሰው ሲሞትብን ቀብሩንም ለቅሶውንም አብረን የምንይዝበት ነው። ሊቀመንበሩ ጋሼ አያሌው ናቸው። የእድሩ ነጭ ድንኳን፣ ጫፉ ሰማያዊ፣ የእድሩ ስም በትልቁ የተጻፈበት፣ ጋሼ ፍቅረማርያም ጋራዥ ውስጥ ይቀመጣል፤ የንብረት ኃላፊ እሳቸው ስለሆኑ። ድንኳኑ ሰው ካልሞተ አይተከልም። ጋሼ ግን ጀልባዋን የሚቀቡትን ቀለም ዝናብ እንዳያበላሽባቸው ብለው ዓርብ ዕለት ማንንም ሳያስፈቅዱ ጀልባዋ ላይ ተከሉት። ቅዳሜ ደግሞ በጀልባዋ ጎን፣ በነጩ ላይ፣ በጥቁር ቀለም በትልቁ "ሸዋረጋ" ብለው ጻፉ። ሰው በሚስቱ ስም ጀልባ መሰየሙ ጥፋት አይደለም። ድንኳኑ ግን ጥፋት ነው፤ እሳቸውም አምነዋል።

እሁድ ጠዋት የእድራችን አባል ማሚቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በዚያ በኩል አለፈች። ድንኳኑን አየች፤ ስሙንም አነበበች። ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ እትዬ የሉም። ቅዳሴው እንዳለቀ ለጋሼ አያሌው ነገረቻቸው። ጋሼ ፍቅረማርያም ጋ ተደወለ፤ አያነሡም። እትዬ ጋ ተደወለ፤ ስልካቸው መዋኛው ቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግቷል። ከዚያ በላይ ማን ይጠይቃል? ሞተች ወይ ተብሎ ቴክስት አይደረግም። አሥራ አራት ሰው በስድስት መኪና ሆኖ፣ ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሄደ። ይህን ያላየሁትን ማሚቴ እያለቀሰች የነገረችኝ ነው፤ የደረሱትም 12፡25 አካባቢ መሆኑን እሷ ናት ያለችኝ።

በዚያው ሰዓት መዋኛ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። እትዬ ሸዋረጋ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው፣ ሃያ አምስት ያርድ፣ ገመድም ሰውም ሳይዙ ዋኙ። ጫፉን ሲይዙ አስለቀሱኝ፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም። "ተነሺ፣ ሳልፈራ ልንገረው" አሉኝ። ፀጉርዎን ያድርቁ፣ ልብስ ይቀይሩ ብላቸው "መንገድ ላይ ሐሳቤን እቀይራለሁ፣ ንጂ!" ብለው ተቆጡኝ። ሻሹን አውልቀው፣ ጥቁሩን ልብስ እንደለበሱ፣ ነጠላ ጣል አድርገው መኪናዬ ውስጥ ገቡ። ወንበሬ እስከ ዛሬ እርጥብ ነው፤ ማየት ይቻላል።

12፡45 ላይ ደረስን። መኪና ስለሞላ መንገዱ መሀል ቆምኩ፤ የመኪናዬ አፍንጫ ትክክል ወደ ጀልባዋ ነው። ሴቶቹ ድንኳኑ ሥር ያለቅሳሉ። ጋሼ ፍቅረማርያም ጀልባዋ ውስጥ ወለሉን በማሽን ሲፈገፍጉ የነበሩ ይመስለኛል፤ የጆሮ መከላከያና የአፍ ጭምብል አድርገው፣ ፊታቸው በአቧራ ነጭ ሆኖ፣ ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ ቆመዋል። ለቅሶውን ያልሰሙት ለዚህ ነው። ጋሼ አያሌው መሰላሉን እስከ ላይ ወጥተው፣ ግራ እጃቸውን ጋሼ ፍቅረማርያም ትከሻ ላይ አድርገው "አይዞህ፣ የሁላችንም መንገድ ነው" የሚሉትን በመስኮት ሰማሁ። ጋሼ ፍቅረማርያም መከላከያውን አነሡና "እስከ ኒው ኦርሊንስ ብቻ እኮ ነው፤ እመለሳለሁ" አሉ።

በዚህ ጊዜ እትዬ ከመኪናው ወረዱ። ማሚቴ ዞር ብላ አየቻቸው፤ ለቅሶው እንደ ራዲዮ ጥርቅም ብሎ ጠፋ። ሁሉም ሰው ዞሮ እትዬን ያያል። ውሃ እየተንጠባጠበላቸው፣ በጥቁር ልብስ፣ ሣሩ ላይ ቆመዋል። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ አብሬያቸው ስለነበርኩ እሳቸውን የማይበት ምክንያት አልነበረኝም። የማየው ፊት ለፊት መሰላሉን ነው። ከእኛ ሰው መሰላሉን ያየሁ እኔ ብቻ መሆኔ ለዚህ ነው።

ጋሼ አያሌው ዝምታውን ሰምተው አንገታቸውን አዞሩ። እትዬን አዩ። "በስመ አብ!" አሉና ለማማተብ በቀኝ እጃቸው ይዘውት የነበረውን መሰላል ለቀቁ። የግራ እጃቸውም ከጋሼ ትከሻ ላይ ተነሣ። አማትበው አልጨረሱም፤ መሰላሉ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ። ጋሼ ፍቅረማርያም ሁለት እጃቸውን ወርውረው የጋሼ አያሌውን ኮት ያዙ። ጎረቤቱ ገፉ ያለው ይህንን ነው፤ ከማዶ ለሚያይ እጅ ሲዘረጋ ገፋ ይመስላል። ኮቱ አመለጣቸው። የኮቱ ቁልፍ ግን ተበጥሶ እጃቸው ላይ ቀረ። ኋላ ከእጃቸው ሲወድቅ ያን ጥቁር ቁልፍ ከመሬት ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ በፖስታ አድርጌ ከዚህ ወረቀት ጋር አስረክቤያለሁ። ገፍቶ የጣለ ሰው ቁልፍ ይዞ አይቀርም።

ጋሼ አያሌው መሬት ላይ ሆነው "አለች እንዴ?" አሉ፣ ሁለት ጊዜ። አላስታውስም ያሉት ውሸታም ሆነው አይደለም፤ በቁም ላለ ሰው እድሩን መርቶ ማስለቀስ ያሳፍራል። እኔም ብሆን ባልረሳው እንኳ ረሳሁ እል ነበር።

አምቡላንስ እስኪመጣ ጋሼ ፍቅረማርያም በጀልባዋ የኋላ በኩል ወርደው የጋሼ አያሌውን ራስ ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ ቀና ብለው እትዬን አዩ። ፀጉራቸውን፣ ልብሳቸውን፣ እግራቸውን አዩ። "ዝናብ ጣለ እንዴ?" አሉ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። እትዬ አሥራ አራቱንም ሰው አዩና "አዎ፣ ዘነበ" አሉ። ኦፊሰሯ ከየት መጣችሁ ስትለኝ እኔም "ከቤተ ክርስቲያን" አልኩ። የዋሸሁት እዚህ ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ከመጣን እትዬ ሞቱ የሚል ስለማይኖርና ጋሼ አያሌውም እጃቸውን የሚለቁበት ምክንያት ስለሌለ፣ ውሸቴ ጋሼ ፍቅረማርያም ላይ እንደተጨመረባቸው የገባኝ ማታ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጋሼ ፍቅረማርያም ድንኳኑን አፍርሰው አጥፈው ጋራዥ መለሱ። ለእትዬም "ውሃ ሳይነካት ሰው የሰበረች ጀልባ አትሆነኝም፤ እሸጣታለሁ" እንዳሏቸው እትዬ ዛሬ ጠዋት ነግረውኛል። ጋሼ ብዙ ቢያወሩም ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

እትዬ አሁን መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። መሐላዬን ማፍረሴን የምጽፈው ፈቅደውልኝ ነው፤ ወረቀቱንም ገጽ በገጽ አንብበዋል። "ስለ ዋናው ከፖሊስ እንዳይሰማ፣ የምነግረው እኔ ነኝ፤ ዛሬውኑ" ብለዋል። ደግሞም መሰላሉ በማስረጃነት ተይዞ እዚህ ስለሚገኝ፣ ምርመራው ካለቀ ከምሽቱ በፊት እንዲመለስላቸው ይጠይቃሉ። ሊወጡበት ስለሚፈልጉ ነው።

ያየሁትን ያየሁ፣ የሰማሁትን የሰማሁ ብዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳይደልለኝ ጽፌያለሁ። ትናንት "ከቤተ ክርስቲያን" ያልኩት ይሰረዝልኝ። ጋሼ ፍቅረማርያም ጋሼ አያሌውን ለመያዝ እንጂ ለመግፋት እጃቸውን እንዳልዘረጉ፣ እሁድ ሰኔ 15 ቀንም በኮሎምበስ ዝናብ እንዳልዘነበ፣ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የመስካሪዋ ፊርማ፦ መሰረት ወርቅነህ
ስለ እኔ የተጻፈው እውነት ነው፦ ሸዋረጋ (ፊርማ)
አንብቤ የተረጎምኩት፦ ህብረት ዘካርያስ (ፊርማ)
ከቃሉ ጋር የቀረበ፦ አንድ ጥቁር የኮት ቁልፍ