«ደህና ናቸው ተብሏል»

መሪያችንን በቴሌቪዥን ካየናቸው በሰነበትንበት ክረምት ነው። ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንድ ወጣትና አንድ ሽማግሌ ይከራከራሉ።

«ከታመሙ ምን እንዳመማቸው ለምን አይነገረንም?» አለ ወጣቱ።

«ዕረፍት ላይ ናቸው። ደህና ናቸው ተብሏል።»

«ማነው ያለው፣ ጋሼ?»

«ድርጅቱ! እኔ አባል ነኝ። አንድ ነገር ቢሆኑ ኖሮ ቀድሞ ለእኛ ይነገር ነበር።»

«ከእናንተም ደብቀው ይሆናላ።»

«አፍህን ሰብስብ!»

«እኔ እንኳ ፖለቲካ አላውቅም» አለች ከኋላ የተቀመጠች ሴት። «ባምቢስ ሰፈር ጨርቅ እሸጣለሁ፣ በቃ። ግን ዛሬ ጠዋት ከመሥሪያ ቤት ነን ያሉ ሰዎች መጥተው ጥቁሩን ሁሉ በጣቃ በጣቃ ጭነው ሄዱ።»

«ለመጋረጃ ይሆናል» አሉ ሽማግሌው።

«ጥቁር መጋረጃ? ሲኒማ ቤት ሊከፍቱ ነው እንዴ?» አለ ወጣቱ።

የሳቀ ሰው አልነበረም።

«እኔም ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው» አለች ሴትዮዋ። «‹ለማንም እንዳታወሪ› አሉኝ።»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የኔ ልጅ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቀርቶሻል?»

እኔ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ ቂርቆስን አልፌ ሄድኩ።