ሙኔቨር አልሰጠመችም

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ሰቫስቲ ዲያኮማኖሊ
ዕድሜ፦ 66
ሥራ፦ የጀልባ ጥላና ሸራ ሰፊ
አድራሻ፦ ሲሚ ደሴት፣ ላይኛው መንደር፣ ከነፋስ ወፍጮዎቹ በታች
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ ሲሚ፣ የወደብ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፣ ረቡዕ ኤፕሪል 25 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.)፣ ረፋድ ላይ
ቃሉን የተቀበለው፦ አሥር አለቃ ኒኪታስ ሞስኮቩ
ጉዳዩ፦ ነዋሪነታቸው ቱርክ አገር ዳትቻ ከተማ የሆነው የወ/ሮ ሙኔቨር ኦዝካያ (ዕድሜ 71) መጥፋትን አስመልክቶ ልጃቸው ያቀረቡት አቤቱታ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ የተጠራሁበት ምክንያት ከተነገረኝና የማውቀውን ብቻ እንድናገር ከተጠየቅሁ በኋላ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ወ/ሮ ሙኔቨርን የማውቃት ከሃያ ዓመት በላይ ነው። ለሥራዬ የሚሆን ሸራና ክር የምገዛው ማዶ ካለችው የዳትቻ የቅዳሜ ገበያ ሲሆን፣ በተሻገርኩ ቁጥር የማድረው በእርሷ ፔንሲዮን፣ ማለትም በትንሹ የእንግዳ ማረፊያ ቤቷ ነው። ቤቱ ባሕሩ ዳር ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምታስተዳድረው ከልጇ ከአቶ ቱራን ጋር ነው። ቱርክኛ የለመድኩት በእርሷ ማዕድ ቤት ስለሆነ ስለ ሽንኩርትና ስለ ዓሣ አቀላጥፌ እናገራለሁ፤ ስለ ሌላው ነገር እንደምንም እግባባለሁ።

ስለ ጉዞው አጀማመር ተጠይቄ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ። ባለፈው ኅዳር የመጨረሻዎቹ እንግዶች ከሄዱ በኋላ ሙኔቨር አንሶላ ስትተኩስ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። በመስኮቱ የሲሚ ተራራ ይታያል። ቀና ብላ አየችውና፣ ሙሽራ ሆና ወደዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ ይህን ተራራ ስታይ መኖሯን፣ ነገር ግን አንድም ቀን ረግጣው እንደማታውቅ ነገረችኝ። ቀጥላም፣ «ሰው ቁርስ አቅርቦልኝ አያውቅም፣ ሰቫስቲ። በሠርጌ ማግስት እንኳን ለአማቴ እንግዶች ሻይ ያቀረብኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ እንደ ተራ ወሬ ነው ያወራችው። እኔም እንግዲያው እንሂድ አልኳት። እርሷም ካውያውን አነሳች፣ አንሶላውን ገፋ አደረገችና ካርታ እንዳመጣ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ላከችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የብርዱን ወራት በሙሉ በሄድኩ ቁጥር ካርታው በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ጫፍና ጫፉ በወይራ ማሰሮ ተይዞ ይጠብቀኝ ነበር። ማንም አስጎብኚ አላማከርንም። ሙኔቨር የራሷን ሕግ አወጣች። ትልልቅ መርከብ የሚቆምበት ቦታ አይኬድም። በማለዳ የሚያስነሳ ነገር አይኖርም። ቦታው ከተወደደ ይቆያል፤ ካልተወደደ ቀጣዩን ጀልባ መጠበቅ ነው። እኔ የጨመርኩት ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ እርሷ የማንንም ሳህን አታነሳም። ይህኛውን ከሁሉ አብልጣ ታግላኛለች።

የተስማማንበት መንገድ ከሲሚ ወደ ቲሎስ፣ ከቲሎስ ወደ ኒሲሮስ፣ ከዚያ በኮስ በኩል ወደ ቱርክ ተመልሰን ጉሙሽሉክ በምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር አርፈን፣ ከቦድሩም በጀልባ ዳትቻ መግባት ነው። በኒሲሮስ ጉዳይ ተከራክረናል። እሳተ ገሞራ እንዳለና አፉ ድረስ ወርዶ ማየት እንደሚቻል፣ ሽታው ግን የተበላሸ እንቁላል እንደሚመስል ስነግራት፣ «ዕድሜ ልኬን እንቁላል ስቀቅል ኖሬ፣ አሁን የሸተተ እንቁላል ለማየት ቪዛ ልጠይቅ?» አለችኝ። እኔ ግን በሚቀጥለው ስመጣ ኒሲሮስ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ አገኘሁት። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ ምድር ስትፈላ አይታ እንደማታውቅና ሽታውን እንደምትችለው ገለጸችልኝ።

ቪዛው የመጣ ዕለት በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋን አላወቅሁትም ነበር። የምትጮህ ልጃገረድ ነው የመሰለችኝ። እኔም ልብሴን ሦስት ጊዜ በሻንጣ ከትቼ ሦስት ጊዜ አወጣሁት።

ልጇ ስለ ጉዞው ያውቅ እንደሆነ ተጠይቄ ያውቃል ብያለሁ፤ ምክንያቱም ሲነገረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ሦስታችን ተቀምጠን ሳለ ሙኔቨር ሰኞ ጠዋት ከእኔ ጋር ወደ ሲሚ እንደምትሻገር፣ ከዚያም ሌሎች ደሴቶችን ጎብኝታ እንደምትመለስ ነገረችው። አቶ ቱራን የላይኛውን ፎቅ የውኃ ማሞቂያ እየፈታ ስለነበር ዓይኑ ዕቃው ላይ ነበር። «ሂጂ እማዬ፣ ሂጂ። ለእኔም ደሴት ግዢልኝ» አለ። ሙኔቨር አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ነግራዋለች።

ስልኳን ማዕድ ቤት ትታ የሄደችው ሆን ብላ ነው። ስልኩ ከእርሷ ጋር ከሄደ ፎጣው የት ነው፣ ቁልፉ የት ነው እየተባለ በሁሉም ደሴት እንደሚከተላት ነግራኛለች። ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዷ ባሕር ገብታ ዋኘች። እኔ መንገድ ላይ ቆሜ እየጠበቅኋት ነበር። ከውኃው ወጥታ ለጉዞው የገዛችውን አዲስ ጫማ አደረገች፣ ድንጋዮቹ ላይ ነጠላ ጫማዋና ፎጣዋ መቅረታቸውን ግን እርሷም እኔም ልብ አላልንም። ደስታ ሰውን እንዲህ ያደርገዋል፤ እኔ ፓስፖርቴ እጄ ላይ እያለ ስፈልገው ነበር። ሁለታችንም በጉምሩክ በኩል በሕጋዊ መንገድ ወጥተን፣ በመደበኛው ጀልባ ተሳፍረን ሲሚ ገብተናል።

እዚህ ስንደርስ እኔ ቤት እንድታድር ብለምናት እምቢ አለች። እንግዳ መሆን ነው የምፈልገው አለች። ስለዚህ በወደቡ ጀርባ በወ/ሮ ማሪጎ ቤት ክፍል ተከራየች። ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ልንበላ ሳገኛት አልጋዋን አንጥፋ፣ መታጠቢያ ቤቱን ወልውላ ነበር። በልተን ስንጨርስ ሳህኖቹን ደራርባ ብድግ አለች። ወ/ሮ ማሪጎ ከእጇ ተቀብላ፣ በግሪክኛ፣ «ቁጭ በይ እትዬ፣ ይሄ የእኔ ሥራ ነው» አለቻት። ሙኔቨር ቋንቋውን ባትሰማም ገብቷታል። ቁጭ አለችና እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። ጭኗ ላይ አደረገቻቸው፣ ጠረጴዛው ላይ አደረገቻቸው። በመጨረሻ አንዱን እጇን በአንዱ ይዛ ወደቡን ማየት ጀመረች። የቀረውን ቀን በእግር ስንዞር ዋልን። ከሲሚ በኩል ሆና የራሷን አገር ተራራ ስታይ፣ ፔንሲዮኗ ከዚህ አለመታየቱን በጣም ወደደችው።

በዚያን ጊዜ ዳትቻ ውስጥ ስለተፈጠረው ነገር የማውቀው በኋላ የተነገረኝን ነው። አቶ ቱራን ሰኞ ቀትር ላይ እናቱን አጣ። ስልኳን ማዕድ ቤት፣ ነጠላ ጫማዋንና ፎጣዋን ውኃው ዳር አገኘ። እሑድ የተነገረውን አላስታወሰም፤ ወይም አስታውሶም ቀልድ መስሎታል። የባሕር ጠባቂዎችና ዓሣ አጥማጆች ሰኞንና ማክሰኞን ባሕሩን ሲያስሱ ዋሉ። ማክሰኞ ወደ ማታ አንድ ሰው የጉምሩኩን መዝገብ ለማየት አሰበ፤ ከአገር መውጣቷ ታወቀ። አቶ ቱራንም እናቱ አእምሮዋ እንደደከመና እኔ አታልዬ እንደወሰድኳት ገልጾ ለእናንተ አቤት አለ።

ዛሬ ጠዋት የሆነውን አሥር አለቃ ኒኪታስም ስለነበረ ያውቀዋል፤ ሆኖም እንድናገር ስለተጠየቅሁ እናገራለሁ። በወ/ሮ ማሪጎ ግቢ ቁርስ ላይ ነበርን። ሙኔቨር አልጋዋን ሳታነጥፍ መውጣቷን እየነገረችኝ ትስቅ ነበር። አቶ ቱራን ከአሥር አለቃው ጋር በበሩ ገባ። ዓይኖቹ ቀልተው ፊቱ አብጦ ነበር። እናቱን ሲያይ ባለበት ቆመ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ባሕር ውስጥ ነበር የምፈልግሽ» አለ።

የሙኔቨር ሳቅ ወዲያው ጠፋ። ነጠላ ጫማዋን ውኃው ዳር እንዳገኘ የነገራት ያን ጊዜ ነው። ተነስታ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችና ቀስ ብላ፣ «ነግሬህ ነበር» አለችው።

«የቀለድሽ መስሎኝ።»

«ልጄ፣ እኔ መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?»

ወደ እኔ ዞሮ፣ «እርስዎ ነዎት ይህን ሁሉ ያመጡት፣ እትዬ ሰቫስቲ» አለኝ። እኔ ልመልስ ስል ሙኔቨር እጇን አንስታ አስቆመችኝ። ማንም እንዳላታለላት፣ ደሴቶቹን የመረጠችው ራሷ እንደሆነች፣ ኒሲሮስን በቀይ የከበበችው የእርሷ እጅ መሆኑን ነገረችው። አሥር አለቃውም በእኔ አስተርጓሚነት በፈቃዷ መምጣቷን ጠየቃት። «በፈቃዴ ያደረግኩት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው ብለህ ጻፍ» አለች። እንዲጻፍ ስላለች እነሆ ተጽፏል።

አቶ ቱራን ተቀመጠ። ወ/ሮ ማሪጎ ሳይጠይቃት ዳቦና አይብ አቀረበችለት፣ እርሱም ከሰኞ ጀምሮ ያልበላ ሰው አበላል በላ። ሙኔቨር ስለ ጫማው ይቅርታ ጠየቀችው። ወደ ቤት እንመለስ ሲላት ግን እምቢ አለች፣ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ዓርብ ከአንካራ የሚመጡ ቤተሰቦች እንዳሉ አስታወሳት። ክፍሎቹ መዘጋጀታቸውን፣ ቁልፎቹ በየቦታቸው መሆናቸውን ነገረችው። እርሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«ለእንግዶቹ ቁርስ የብርቱካኑን ማርማላታ እኔ እንዴት አድርጌ ነው የምሠራው? ስኳሩ ስንት ነው?»

«እየቀመስክ ጨምር» አለችው። «እኔንም ያስተማረኝ ሰው አልነበረም።»

አቶ ቱራን አቤቱታውን ማንሳቱን በፊቴ ለአሥር አለቃው ተናግሯል፣ እኔንም ይቅርታ ጠይቆኛል። እኔም ልጅ እናቱን ከባሕር ሲፈልግ ከዋለ በኋላ በተናገረው ነገር እንደማልቀየመው ነግሬዋለሁ። ወደ ዳትቻ የሚመለሰው ዛሬ ነው፣ ብቻውን።

ወደፊት መጥሪያ ቢያስፈልግ የምገኝበትን አድራሻ እንዳስመዘግብ ተጠይቄአለሁ። የቲሎስ ጀልባ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይነሳል፣ ሙኔቨርም ሻንጣዋን ይዛ ከዚህ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው። ስለዚህ አድራሻዬ ቲሎስ ነው። እዚያ እስከ መቼ እንደምንቆይ አሥር አለቃው በቀን እንድገልጽ ጠይቆኛል፤ አልወሰንንም ብያለሁ። «እስኪሰለቻቸው ድረስ» ተብሎ እንዲጻፍ ተስማምተናል።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ቃል ያየሁትና የሰማሁት ነው፤ በሰው የተነገረኝንም በሰው የተነገረኝ ብዬ ለይቻለሁ። ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት መሆኑን፣ ተነቦልኝ የጨመርኩትም የቀነስኩትም እንደሌለ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሰቫስቲ ዲያኮማኖሊ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ አሥር አለቃ ኒኪታስ ሞስኮቩ