አስተማሪዋ የት ትቁም?

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ማን ልበል?... ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ! ቁጥሩ አዲስ ሆነብኝ እኮ።... የትምህርት ቤቱ ስልክ ነው? እሱ መስመር ከተዘጋን ወዲህ የሞተ መስሎኝ ነበር።... ደህና ነኝ፣ ተመስገን። አንተስ? እናትህስ?... ጎሽ። ዘንድሮ ደህና ነኝ የሚል ሰው ማግኘትም ትልቅ ነገር ነው።

— ራስ ምታቱ? የቱ ራስ ምታት?... እ፣ እሱ! አዎ፣ አለ፣ አለ። ትንሽ ቀለል ብሎልኛል።... ምን ያስቅሃል? አንተ ልጅ፣ ስድስተኛ ክፍል እያለህ ሆዴን ቆረጠኝ እያልክ ስንቴ ነው ከፈተና የሸወድከኝ? እኔ በሃያ ስምንት ዓመት አንድ ቀን ራሴን ቢያመኝ ጉድ ነው?... እሺ። እሺ፣ ጌታዬ ዳይሬክተሩ። ስብሰባውን ፈርቼ ነው የቀረሁት። ይኸው ተናገርኩ፣ ደስ ይበልህ።

— ዳይሬክተሩ ነው!... ዳይ-ሬክ-ተሩ! አትነሳ አንተ፣ ተኛ። ጋቢውን ደረብ አድርገው።... ይቅርታ፣ ባለቤቴ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሰው የሞተ ይመስለዋል።... እያሳለው ነው እንጂ። ሠላሳ ዓመት ድንጋይ የጠረበ ሰው ሳንባ ምን ይሆናል ብለህ ነው፣ ግማሹ አቧራ ነው። ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለህ? "ይሄ ሳንባ ጉንፋን እንኳ አይችልም" አለኝ። ጉንፋን! ሳቄ መጣ እኮ። ወደው አይስቁ።

— ስንት ለስንት ሆናችሁ?... ሁለት ለሁለት።... አንተና የወላጆች ተወካይዋ ትምህርት ቤቱ ይከፈት፣ ነርሷና የመጻሕፍት ክፍሉ ኃላፊ አይከፈት። የቀረሁት እኔ የአስተማሪዎቹ ተወካይ ነኝ።... ወይ ጣጣዬ። ድምፅ አልሰጥም ማለት አይቻልም?... ገባኝ። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ለትምህርት ቢሮ መልስ መስጠት አለባችሁ። ካልመለሳችሁ እስከሚቀጥለው ዓመት ዝግ ነው።... አሁን ስንት ሰዓት ነው?... አስር ከሃያ! አንተ፣ ምነው ጠዋት ብትደውል?... ደውለሃል። አዎ፣ አየሁት። አላነሳሁትም።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ?... አለሁ።

— አውቃለሁ። አውቃለሁ እኮ! ልጆቹ እንደተረሱ ለኔ ትነግረኛለህ? አርባ ስምንቱም ቤት ደውያለሁ፣ አንድ በአንድ። የሬዲዮውን ትምህርት የሚከታተሉት ስንት ናቸው መሰለህ? አስራ ሁለት። ሌላው ሬዲዮ የለውም፣ ወይ አባቱ ኳስ ይሰማበታል። አንዷ ምን አለችኝ? "ቲቸር፣ ሬዲዮው ጥያቄ ሲጠይቅ እጄን አወጣለሁ፣ ግን አያየኝም።"... አዎ። ስልኩን ዘግቼ ስነፋረቅ ዋልኩ።

— ታዲያ ምን ላድርግ? የስፖርት አስተማሪያችንን ረሳኸው?... እኔ አልረሳሁትም። በየማለዳው ግቢውን አስር ጊዜ የሚዞር ሰው፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ የሚወጣ ሰው፣ በዘጠኝ ቀን! ቀብሩ ላይ ስንት ነበርን? ስድስት። ሚስቱን እንኳ አላቀፍናትም። ከሩቅ እጃችንን እያወዛወዝን መጣን፣ አውቶብስ እንደሚሸኝ ሰው።... እሱን ያህል ጎረምሳ የጣለ በሽታ የኔን ሰውዬ ምን ያደርገዋል? ልጆቹማ አይታመሙም፣ ሮጠው ይጫወታሉ። ይዘውት ይመጣሉ፣ እኔ ደግሞ ይዤው ቤቴ እገባለሁ። በቀሚሴ፣ በጸጉሬ፣ በደብተር። እፈራለሁ፣ የኔ ልጅ። ሌሊት እየተነሳሁ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ፈሪ ለናቱ ይላሉ፤ እኔ ለባሌ ነኝ።

— ፕላኑ? ደርሶኛል። ጥበቃው በበር ስር አስገባልኝ።... አይቼዋለሁ። በካውያ ተኩሼ ነዋ ያየሁት! ምን ያስገርማል? በሽታው እንዳይገባብን እዚህ ቤት ወረቀት ሁሉ ሳይተኮስ አይነካም። ጥግ ጥጉ ትንሽ አርሮብኛል እንጂ ይነበባል።... ቆንጆ ነው። እውነቴን ነው፣ ደክመህበታል። ጥበቃውና አንተ ሜትር ይዛችሁ ወለሉ ላይ በጠመኔ ስታሰምሩ ነው አሉ የከረማችሁት። ስምንት ሜትር በስድስት ሜትር፣ ስድስት ረድፍ፣ በያንዳንዱ አራት ክብ። ሃያ አራት ልጅ ጠዋት፣ ሃያ አራት ልጅ ከሰዓት። ሁሉም በየክቡ። ነርሷም ርቀቱ ልክ ነው ብላ ፈርማበታለች፣ አየሁ።

— አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፕላኑ አጠገብህ አለ?... ዘርጋው። ዘረጋኸው? የፊተኛው ረድፍ ከሰሌዳው ምን ያህል ይርቃል?... ለካው፣ እጠብቃለሁ።

— ግማሽ ሜትር። አዎ፣ እኔም ግማሽ ሜትር ነው ያገኘሁት። እና እኔ የት ነው የምቆመው?

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ተቆረጠ እንዴ?... አለህ። እኔ የት ነው የምቆመው አልኩህ። ሃያ አራት ክብ ቆጥሬያለሁ፣ ደግሜ ቆጥሬያለሁ፣ ሃያ አምስተኛ የለም። ለባልዲው ቦታ አለ፣ ለሳሙናው አለ፣ ለቆሻሻ ቅርጫቱ ሳይቀር አለ። ለአስተማሪዋ የለም።... ረስተኸው ነው? አንተም፣ ጥበቃውም፣ ነርሷም?... አትማልልኝ፣ አምኜሃለሁ። ሆን ብለህ አይደለም፣ እሱ ነው እኮ የሚያስፈራው! በተቻለ መጠን ብዙ ልጅ ላስገባ፣ ላስገባ ስትል አስተማሪ ሰው መሆኑ ጠፋህ። ከክፍሉ ጋር የተሠራሁ መሰልኩህ?... በሩ ላይ? በሩ ላይ ቆሜ ሰሌዳው ላይ በምን ልጻፍ፣ በመጥረጊያ እንጨት?

— አትሳቅ። እኔ አልሳቅኩም።

— ሁላችሁም አንድ ናችሁ። ያቺ ልብስ ሰፊዋ ተወካያችሁማ ይከፈት ማለቷ ምን ይገርማል! ማስክ እየሰፋች አይደል የምትውለው? ትምህርት ቤት ሲከፈት ገበያዋ ደራ፣ እኛ ደግሞ...

— ምን አልክ?... ምን ማለት ነው "ይሰማሉ"?... ላውድ ላይ አድርገኸው ነው? ከመቼ ጀምሮ?... ከመጀመሪያው! አንተ ልጅ፣ ሁሉም እዚያ ተቀምጠው? እሷም?... ምላሴን በቆረጠው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ!

— ሄሎ... አዎ፣ እህቴ። እሰማሻለሁ።... አፈር ልብላ፣ እህቴ፣ ይቅር በይኝ። ፍርሃት ያናግራል።... አይ፣ ይገባኛል፣ ብትሰድቢኝም ይገባኛል።... እ?... የሰፋሽውን ማስክ ለልጆቹ በነፃ ነው የምትሰጪው? ወይ እኔን።... እሺ፣ ተናገሪ፣ አላቋርጥሽም።

— እህ።... እህ።... ትልቋ ልጅሽ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አውቃታለሁ እንጂ፣ ጥርሷ ፍንጭት ያለው አይደለች? ትንሹስ?... ሦስት።... ጎረቤት አይቀበልም፣ አዎ፣ ዛሬ ማን የሰው ልጅ ይቀበላል።... እንዴት ማለት ነው "እቆልፍባቸዋለሁ"?

— ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አስራ ሁለት? ከውጭ ቆልፈሽ?... አልፈረድኩብሽም። አልፈረድኩም፣ አታልቅሺ። ለመጠየቅ ነው እንጂ። ካልሠራሽ ምን ይበላሉ፣ ከፍተሽ ብትሄጂ ደግሞ መንገድ አለ፣ ሰው አለ።... ባለፈው ሳምንት?... ወተት ልታሞቅለት? በጋዙ ምድጃ?... መጋረጃው!... የፈጣሪ ያለህ። ከዚያስ?... የእጅ መታጠቢያውን ባልዲ ደፋችበት። በራሷ?... የዘጠኝ ዓመት ልጅ! ጎረቤት ደግሞ ጢሱን አይቶ በሩን ይደበድባል፣ አይከፈትም፣ ቁልፉ ካንቺ ጋር ከተማ መሃል ነው።

— ...አለሁ። አለሁ እህቴ።

— ቆይ፣ ቆይ። አንቺ አሁን ስብሰባ ላይ ነሽ። ልጆቹ የት ናቸው?... አሁን? ተቆልፎባቸው?... ቁልፉስ የት ነው?... ኪስሽ ውስጥ።

— ተነሺ። ተነሺና ሂጂ፣ አሁኑኑ!... እንዴት አልሄድም ትያለሽ? ስብሰባው ገደል ይግባ!... እኔ ድምፅ ሳልሰጥ አትነሺም? በነዚህ ልጆች ልትይዢኝ ነው?... አይደለም፣ ገብቶኛል። ዛሬ ብትሄጂ ነገም ትቆልፊያለሽ። ከነገ ወዲያም። ገብቶኛል እኮ፣ አትጩሂብኝ።... ልጄ፣ ወንበር ስጧት። ውኃ ስጧት።

— ወይ መከራዬ። ከድጡ ወደ ማጡ።

— ዳይሬክተር፣ አለህ? እርሳስ ያዝ። የፊተኛውን ረድፍ ሰርዝ። ሁለተኛውንም ሰርዝ። ስንት ቀረ?... አስራ ስድስት። አርባ ስምንት ለአስራ ስድስት ሲካፈል ስንት ነው? ይሄን አራተኛ ክፍል አስተምሬሃለሁ።... ጎበዝ። ሦስት ፈረቃ።... ሁለት ሁለት ሰዓት ይደርሳቸዋል። ሂሳብና ንባብ፣ ሌላው ይቆይ። ከባዶ ይሻላል። ያቺ ፍንጭቷም ትንሹን ይዛ ትምጣ፣ እናታቸው እስክትመጣ ጥበቃው ግቢ ውስጥ ያቆያቸዋል።... ሦስተኛውን ማን ያስተምራል? እኔ ነኛ፣ ማን አለ ሌላ! አስተማሪ በሰልፍ ቆሞልሃል?... አውቃለሁ። ከሁለት ይልቅ ሦስት ጊዜ ነው የምጋለጠው። መቁጠር አቅቶኝ መሰለህ?

— መስኮቶቹን ግን ዛሬ ታስነቅላለህ። የሚከፈት መስኮት አላልኩም፣ ይነቀሉ ነው የምልህ። ሕፃን ሲበርደው ይዘጋዋል።... ይብረዳቸው፣ ሹራብ ይልበሱ። ደግሞም ድምፄን ገና አልሰጠሁም። አትቸኩል። አንድ ሰው መጠየቅ አለብኝ። ቆይ፣ ስልኩን እንዳትዘጋው።

— አንተ... ነቅተሃል?... ሁሉንም ሰማህ? እስከዚህ ድረስ ይሰማል?... እንግዲህ ልጆቹ እንደዚያ ሆነዋል። እኔ ደግሞ ከዚያ እየተመለስኩ አንተ ጋ ነው የምገባው። እዚህች ሁለት ክፍል ውስጥ። ሐኪሙ ያለውን አልረሳህም አይደል?... ምንድን ነው እሱ? ራስህን አትነቅንቅብኝ። በአፍህ በለኝ። ኋላ አንድ ነገር ቢመጣ ሳትነግረኝ አደረግሽው እንዳትል፣ በአፍህ በለኝ።

— ...

— ድገመው።

— እሺ። እሺ፣ የኔ ጌታ።

— ሄሎ... ሄሎ፣ ልጄ። አዎ፣ ጠየቅኩት።... ምን እንዳለኝ የኔና የሱ ነው። ጻፍ። ይከፈት። የአስተማሪዎች ተወካይ ድምፅ፣ ይከፈት። በሦስት ፈረቃ፣ መስኮቱ በተነቀለ ክፍል፣ ለአስተማሪ ሦስት ሜትር ቦታ ተትቶ። ሦስት ሜትሩን በቀይ ጻፈው፣ ደግማችሁ እንዳትረሱኝ።... ሄደች?... በደረጃው? እየሮጠች? ቀስ በይ በሏት፣ ትወድቃለች!... በሉ ጥበቃው በብስክሌቱ ያድርሳት። ስትደርስና በሩ ሲከፈት ደውልልኝ። ልጆቹን በዓይንዋ እስክታያቸው እንቅልፍ የለኝም።

— ነርሷ ምን ትላለች?... እውነቷን ነው። አልተሳሳተችም። በሽታው ቢያንስ አራት አምስቱ ቤት ይገባል ብላለች፣ እኔም አምናለሁ። የማን ቤት እንደሆነ ነው የማላውቀው።... አትፍሪ አትበለኝ! አንተ ልጅ፣ እንደሱ አትበለኝ። ሳልፈራ አይደለም ይከፈት ያልኩት፣ ይግባህ። ቃለ ጉባኤው ላይም ጻፈው፣ "በከፍተኛ ፍርሃት" ብለህ።... ቢሮው አይቀበለውም? ግዴለም፣ አንተ ጻፈው።

— አዎ። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት።... አይ፣ አላለቀስኩም። ጉንፋን ነው... ኧረ ጉንፋን አይደለም! አፌ ቁርጥ ይበል፣ ጉንፋን አይደለም፣ እያለቀስኩ ነው። ምን አገባህ።

— አንተ ደግሞ ለምን ተነሳህ? ተመለስ ወደ አልጋህ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል።... ምን?... አዎ፣ ከሰኞ ጀምሮ እኔ ሳሎን ነው የማድረው፣ ፍራሹን አወርዳለሁ። አንተ መኝታ ቤት። ምግብህን በሩ ጋ አስቀምጥልሃለሁ፣ እኔ ዘወር ስል ታነሳለህ። በግድግዳ እናወራለን፣ ከኔ ጋር ማውራት ካላስጠላህ።... እስከ መቼ ትለኛለህ? እኔ ምን አውቃለሁ እስከ መቼ! ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ትራስ ላይ አድረን፣ አሁን እስከ መቼ እንደሆነ እንኳ የሚነግረኝ የለም።

— ሄሎ፣ አለህ እንዴ? ልዘጋው ነው፣ ልጄ።... አልተቆጣሁም። ስልኩን በአንድ እጄ ነው የያዝኩት፣ ሌላኛውን ባለቤቴ ይዞብኛል።... እሺ። ለእናትህ ሰላም በልልኝ። መስኮቶቹን እንዳትረሳ።... እሺ። ቻው፣ ቻው።

— አትልቀቀኝ። ዛሬ ገና ሐሙስ ነው።