የመጋዘኑ ኤልግና ያልተቆጠሩት ሰውዬ

በየካቲት ስቶክሆልም ላይ የሚነፍሰው ነፋስ የሰውን ቃል ከከንፈሩ ነጥቆ ይሄዳል ይባላል፤ በገና «እንዴት አደርክ» ተብሎ ሰላምታው የደረሰው በፋሲካ የሆነ ሰው አለ ብለው የሚምሉም አሉ። እንዲህ ያለው ነፋስ በሚያፏጭበት አንድ ማለዳ አቶ ሞገስ ምሳ ዕቃቸውን ሸጉጠው ከስፖንጋ ጣቢያ ባቡር ተሳፈሩ። ሥራ ሳይኖራቸው ወደ ሥራ መሄዳቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ሞገስ ከከተማው በስተደቡብ፣ ዮርድብሩ ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ መጋዘን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና ነድተዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት መጋዘኑ ሲዘጋ አርባ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ እሳቸውም አንዱ ነበሩ። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ በቀለች ግን ትንፍሽ አላሉም። እንደ ወትሮው በማለዳ ይነሣሉ፤ በቀለች የሞላችላቸውን ምሳ፣ ሰሞኑን ደግሞ ከምሳው ጋር የምትጨምርላቸውን የሱፍ ካልሲ ይይዛሉ፤ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ተጉዘው ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡና ዘጠነኛውን በር ሲያዩ ይውላሉ። ዘጠነኛው በር የእሳቸው በር ነበር። ፎርክሊፍቱ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኸው ጩኸት፣ የአዲስ ካርቶን ሽታ፣ በዕረፍት ሰዓት ስማቸውን እያጣመመ የሚጠራቸው ፊንላንዳዊ ባልደረባቸው፣ ሁሉም ናፈቃቸው። ዕድሜ ልካቸውን ያማረሩትን ጩኸት አሁን ጆሯቸው በነፋሱ ውስጥ ይፈልገዋል።

ቤት ሲገቡ ደግሞ ስለ ውሏቸው ማውራት ግድ ሆነባቸው። ውሎ የሌለው ሰው ወሬ ከየት ያመጣል? ከራሱ ነዋ። በመጀመሪያው ቀን የተሰበረ አንድ ሳጥን ነበር። በሳምንቱ ሳጥኑ አድጎ ጣራ የቀደደ ክምር ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ኤልግ የሚሉት፣ ከፈረስ የሚረዝም ባለ ቀንድ የጫካ አውሬ በዘጠነኛው በር ገብቶ ቀንዱ መደርደሪያ ውስጥ ተቀረቀረ፤ አለቃው ሸሽቶ አምስተኛው የመደርደሪያ እርከን ላይ ወጣ፤ አቶ ሞገስም በፎርክሊፍታቸው ለአንዱ ሣር ለሌላው ሳንድዊች ሲያቀርቡ ሰነበቱ። በቀለች ትስቃለች። ሳቋ ደስ ይላቸዋል፤ ወዲያው ደግሞ ውሸታቸው ትዝ ይላቸዋል።

በዚያ ማለዳ ባቡሩ ሱንድቢበሪ ሲደርስ አንዲት ወጣት ገብታ አየቻቸውና ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው። አክሱማዊት ናት፣ የወዳጃቸው የወልደማርያም ልጅ። ስዊድን ተወልዳ፣ ስዊድን ተምራ አማርኛዋን ያልጣለች ልጅ ናት። ሥራዋ የሥራ አጥ መድን የሚጠይቁ ሰዎች በየሳምንቱ ስንት እንደሆኑ መከታተል ነው፤ የቱ ሠፈር ጨመረ፣ የቱ ሙያ ቀነሰ እያለች የቁጥሩን መውጣትና መውረድ የሚያሳይ መስመር ትስላለች። ዛሬም መስመሯን ይዛ ከዮርድብሩ በፊት ወዳለው ሃንደን ለስብሰባ እየሄደች ነበር።

«ጋሼ ሞገስ፣ ወደ ሥራ ነው?»

«ሥራስ ነበር፣ አውሬ ልቀልብ ነው እንጂ» አሉና ኤልጉን ከነቀንዱ አመጡላት። እግረ መንገዳቸውንም ጨመሩበት፤ አውሬው ስዊድንኛ መስማት ጀምሯል፣ ቅዳሜ ሲሆን ዛሬ ሥራ የለም ብሎ ፊቱን ያዞራል አሉ።

አክሱማዊት እስኪጨርሱ አዳመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያ መጋዘን ከተዘጋ ሦስት ሳምንቱ ነው። የዛሬው ስብሰባ ራሱ ስለ እሱ ነው» አለች።

አቶ ሞገስ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጭው ገና ጨለማ ስለነበር መስኮቱ የራሳቸውን ፊት መልሶ አሳያቸው።

«በቀለች እንዳትሰማ» አሉ።

«ከእኔ አይወጣም። አካሳውን ግን ጠይቀዋል?»

አካሳ ማለት ሠራተኛው በየወሩ መዋጮ የሚከፍልበት፣ ሥራ ያጣ ቀን የደመወዙን አንድ ክፍል የሚተካለት የመድን ማኅበር ነው። አቶ ሞገስ ፎርክሊፍት ላይ ከወጡበት ቀን ጀምሮ አባል ናቸው። አልጠየቁም።

«ልጄ፣ ስደተኛ ሆኜ ስመጣ የመንግሥት እጅ ያየሁት ስምንት ወር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ምያለሁ፤ ከእንግዲህ እጄ ለሥራ ካልሆነ አይዘረጋም ብዬ። በስድሳ አንድ ዓመቴ ልለምን?»

እንዲህ ያለውን ኩራት ከውጭ ለሚያየው ካባ ይመስላል፤ የለበሰውን ሰው ግን ከውስጥ ብርድ እየጠበሰው ነው። አክሱማዊት ልመና አለመሆኑን፣ የራሳቸው መዋጮ መሆኑን፣ ሳይመዘገቡ ያለፈ ቀን ደግሞ ተመልሶ እንደማይታሰብ በትሕትና ዘረዘረችላቸው። እሳቸው አንዱን በቀልድ፣ አንዱን በተረት እየመለሱ እስከ ከተማው መሐል ድረስ ተከራከሯት። በመጨረሻ ስልኳን አወጣች።

«ይህ መስመር ዮርድብሩ ነው። ከአርባው ሰው ቢያንስ ሠላሳው ያመለክታል ብለን ጠብቀን ነበር። ያመለከቱት አሥራ አንድ ናቸው።»

«ሌሎቹ ሥራ አግኝተው ይሆናላ።»

«መስመሩን የሚያዩት ኃላፊዎችም ያሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ እዚያ ለተሰናበቱት ተብሎ የተከፈተው የምክርና የሥልጠና ቢሮ፣ ፈላጊ የለውም ተብሎ በወሩ መጨረሻ ሊዘጋ ነው። እውነት ሥራ አግኝተዋል፣ ጋሼ?»

አቶ ሞገስ ማኑሄን አሰቡ። ማኑሄ አብሯቸው የተሰናበተ ጎልማሳ ነው፤ ሮግስቬድ ቤተ መጻሕፍት ተሸሽጎ ጋዜጣ ሲገልጥ ይውላል። ከንባቡ ብዛት የነገውን ዝናብ ከደመናው ቀድሞ ማወቅ ጀምሯል እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አሁን ግን ቀልዱ አልመጣላቸውም።

«እኔ አንድ ሰው ነኝ። አንድ ሰው ቢጎድል መስመርሽ ይበጠሳል?»

«ሃያ ዘጠኙም እንደዚያ ነው የሚሉት።»

ባቡሩ ኤልቭሾን አለፈ። አክሱማዊት ስልኳን አጥፍታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ የቁጥሩንም ነገር ተወችው።

«አያቴ የሞተች ጊዜ ትዝ ይልዎታል? እርስዎ የእድሩ ሊቀመንበር ነበሩ። አባባ ሰው አላስቸግርም ብሎ መርዶውን አርባ ቀን ደበቀው። ሻወሩን ከፍቶ ነበር የሚያለቅሰው። እርስዎ ሰምተው መጡ። በራችን ላይ ቆመው ያሉትን የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ።»

«ምን አልኩ?» አሉ አቶ ሞገስ፣ እያወቁት።

«‹ያልተነገረ ለቅሶ ማን ይደርስለታል? አንተ በደበቅክ ለቅሶ የቀረነው እኛ ነን› አሉት። አባባ ያን ቀን ከሰው ጋር አልቅሶ ወጣለት። የእኔም ሥራ ይኸው ነው፣ ጋሼ። መርዶ ነው የምቆጥረው። ያልተነገረኝን መቁጠር አልችልም፤ ላልተቆጠረው ደግሞ የሚደርስለት የለም።»

የእድር ሊቀመንበር የነበረ ሰው በገዛ ቃሉ ሲረታ ማየት ለመንገደኛ ሁሉ የማይገኝ ዕድል ነው። ባቡሩ ፋርስታ ደረሰ። አቶ ሞገስም ስማቸው እዚያ መስመር ላይ ይታይ እንደሆነ ጠየቁ።

«ስም አላይም። አንድ ነጥብ ይሆናሉ።»

«ነጥብ» አሉ ቀስ ብለው። «ከአግዳሚ ወንበር ይሻላል።»

ስልካቸውን አወጡ። እሷ እያሳየቻቸው፣ እሳቸው ግን በገዛ ጣታቸው፣ በሥራ ፈላጊነት ተመዘገቡ፤ የአካሳውንም ማመልከቻ ጀመሩ። «ሥራ የለኝም» የሚለውን መስመር የነካው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ቶን ሲያነሣ የኖረው ያ እጅ ነው። ሃንደን ላይ ተሰነባበቱ። እሳቸው ዮርድብሩ ወርደው አግዳሚ ወንበሩን በሩቁ አልፈው ወደ ምክር ቢሮው ሄዱ። በር ላይ ሆነው ማኑሄ ጋ ደወሉና ጋዜጣውን አጥፎ እንዲመጣ ነገሩት። መጀመሪያ ተከራከራቸው፤ እሳቸውም ስለ ለቅሶው የሰሙትን የራሳቸውን ቃል መልሰው ነገሩት።

የቀረው የቤቱ ነበር። አመሻሽ ላይ ሲገቡ በቀለች ልብስ እያጠፈች አገኟት። ኮታቸውን ሳያወልቁ ነገሯት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ?»

«ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትገባ እንዴት ዋልክ ስልህ ‹ደኅና› ብለህ ሶፋው ላይ ትተኛለህ። ድንገት ኤልግ ይዘህ መጣህ። ካልሲውንስ የምጨምርልህ ውጭ ብርድ ላይ እንደምትውል ገብቶኝ አይደል?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

በቀለች የአንድ ሸሚዝ የተገለበጠ እጅጌ አቃናች። «የስደተኞች ካምፕ ሳለን እንደዚያ ነበር የምታወራኝ። ሥራው ከያዘህ ወዲህ ናፍቆኝ ኖሬያለሁ። ብናገር ታሪኩ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።»

ሁለቱም ደብቀው ነበር፤ አንዱ ሥራ ማጣቱን፣ አንዷ ናፍቆቷን።

በሚቀጥለው ሳምንት የዮርድብሩ መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ ማኑሄ ስድስት ሰው አስከትሎ ነበርና። ሥራ አጥ በዛ ተብሎ ደስታ የሆነበት ቦታ ቢኖር ያ ቢሮ ብቻ ይሆናል፤ እስከ መኸር እንዲቆይ ተወሰነለት። ማኑሄ የአውቶቡስ ሹፌርነት ሥልጠና ገባ። አቶ ሞገስ መድናቸውን እየተቀበሉ ቆይተው፣ ኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ወጣቶችን ፎርክሊፍት የሚያስተምሩበት ሥራ አገኙ፤ ያ የናፈቃቸው ጩኸትም ተመለሰላቸው። የባከኑት ሦስት ሳምንታት ግን አልተመለሱም፤ ችግሩን ለነገ የሚደብቅ ሰው የዛሬውን ያጣልና። የሚያሳፍረው ሥራ ማጣት እንዳልሆነ፣ የሚጎዳው ብቻውን የተያዘ ኀዘን እንደሆነ አሁን በእድሩ ስብሰባ ሁሉ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።

ያን ዕለት አመሻሽ ግን ገና ይህ ሁሉ አልታወቀም። በቀለች ሸሚዙን አጥፋ ጨረሰችና አጠገቧ ሶፋው ላይ ቦታ ለቀቀችላቸው።

«በል ኮትህን አውልቅ» አለች። «ኤልጉስ? ወጣ?»

አቶ ሞገስ ተቀመጡ። «የት ይወጣል» አሉ። «ዛሬማ ሚስቱ መጣች።»