ተልባ የጎረሰ ሰደፍ

እኛ ጉልበት በነበረን ጊዜ፣ ደርግ ወድቆ እነዚህ ከገቡ ወዲያ ማለቴ ነው፣ ለሁለት ወንድማማች አንድ ጠመንጃ ነበረን። የአባታችን ምንሽር። አሮጌ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሰደፉ ተሰብሮ አንድ የላሊበላ አናጢ ከባሕር ዛፍ ጠርቦ የገጠመለት ነው። ታዲያ አናጢው አቅጥኖ፣ ዝቅ አድርጎ ጠረበው፣ እና ጉንጭህን ብታስደግፍ ዓይንህ ከማነጣጠሪያው በታች ይቀራል፣ ቀና ብትል ደግሞ ጉንጭህ አየር ላይ ነው። አየር ላይ ያለ ጉንጭ ምን ይመታል? ቆይ፣ ውሻው ምን አይቶ ነው የሚጮኸው? ... ምንም አይደለም። ተቀመጡ።

በዚያ ዓመት በረዶ ታች ያለውን ሰብል ሁሉ መታው፣ የተረፈችን ገደል አፋፍ ላይ ያለችው የገብስ ማሳ ብቻ ናት። እናንተ ልጆቼም፣ የታናሼ የደምሴ ልጆችም ዓመቱን የምትበሉት እሷን ነው። ዝንጀሮ ደግሞ ከገደሉ ይወጣል። አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን ደምሴ እንጠብቃለን። እተኩሳለሁ፣ እስታለሁ። እተኩሳለሁ፣ እስታለሁ። መጀመሪያ ይሸሹ ነበር፣ ኋላ ናቁን። አውራው ቁጭ ብሎ ገብሱን እየፈለፈለ ያየኛል። ዝም ብሎ ያየኛል እኮ! ስቆም ስቀመጥ እውላለሁ።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ከአሮጌ ቁርበት ትንሽ ከረጢት ሰፋሁ፣ ተልባ ሞላሁበት፣ ሰደፉ ላይ በጠፍር አሰርሁት። ተልባ ይንሸራተታል፣ ለጉንጭ ይመቻል ብዬ ነው። የእኔ ፊት ረጅም ነው፣ እዩት፣ ትንሽ ይበቃኛል፤ የደምሴ ክብ ነው፣ ብዙ ይፈልጋል። እና በተራው ቀን የከረጢቱን አፍ ፈትቶ ሁለት እፍኝ ይጨምራል፣ በእኔ ቀን እቀንሳለሁ።

ተልባ ውኃ ሲነካው ምን እንደሚሆን የላስታ ሰው እንዴት ይረሳል? እኔ ረሳሁት።

አንድ ጠዋት ዶፍ ወረደ። ተራው የእኔ ነው፣ ደምሴም ሊያይ መጥቷል። አውራው ወጣ፣ ጉንጬን ጣል አደረግሁ። ከረጢቱ አብጧል። ስፌቱ ተተረተረና ልጋጉ በአንገቴ ወረደ። ተኮስሁ። ሰማዩን መታሁት። ደምሴ በሳቅ ጭቃው ላይ ተንከባለለ፦

«አያ! ኧረ አያ! ጠመንጃችን ጉንፋን ያዘው! ንፍጡን ጥረግለት!»

«ዝም በል» አልሁት።

«ማር በነጭ ሽንኩርት አጠጣው እንጂ!»

ሰደብሁት። ምን እንዳልሁት አልነግራችሁም። ሳምንት ሙሉ አልተነጋገርንም። እሱ ጠመንጃውን በእኔ በር ላይ አስደግፎ ይሄዳል፣ እኔም በእሱ በር ላይ አስደግፌ እመለሳለሁ። ገብሱ ደግሞ በየቀኑ ከዳር እየተላጨ ነው።

እናታችሁ፦ «ሰውዬ፣ ኮርቻ በተልባ ሲሞላ የት አየህ? ያ አሮጌ ለምድህ የለም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የበጉን ለምድ ቆራረጥሁ፣ ሰደፉ ላይ እየደረቡ በጠፍር የሚያጠብቁት አደረግሁት። ግን ስንት ድርብ? ይህን ለብቻህ አታውቀውም። ከፊትህ ሆኖ ዓይንህን በማነጣጠሪያው የሚያይልህ ሰው ያስፈልጋል። እና እኔ፣ ሰው የማልለምነው ሰውዬ፣ ባዶ ጠመንጃ ይዤ ደምሴ ደጅ ቆምሁ።

«ምን ፈለግህ?» አለ።

«ዓይኔን እይልኝ።»

 ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱን ራሱ ከፍቶ አየና ፊት ለፊቴ ተንበረከከ። «ጨምር... ጨምር... በዛ፣ አንድ ቀንስ። አሁን ዓይንህ መጣች፣ አያ።» ለእኔ ሦስት ድርብ ሆነ፣ ለእሱ አምስት።

በማግስቱ አውራው እንደ ልማዱ ቁጭ ብሎ አየኝ። ተኮስሁ። ከፊቱ ያለው ድንጋይ ተፈረከሰ፣ ፍንጣሪው ፊቱን መታው፣ ጮኸ፣ መንጋው ተከትሎት ገደሉን ወረደ። በዚያ መኸር ገብሳችንን እኛ በላነው።

ደምሴ ኋላ በሰፈራ ወደ ቆላ ወረደ። እመለሳለሁ ብሎ ነው የሄደው። በመጨረሻው ቀን ጠባቂው እሱ ነበር፣ እና ለምዱን አምስት ድርብ ላይ ትቶት ሄደ። ዛሬም አምስት ነው። ማንም እንዳይነካው።

(ልጃቸው ጣልቃ ገባ፦ «ታዲያ አባዬ፣ በአምስት ድርብ እርስዎ አይመቱም እኮ!»)

አልመታም።

(«ዝንጀሮውስ?»)

ዝንጀሮው ይህን በምን ያውቃል? (ሳቁ።) በሉ፣ አንዳችሁ ተነሱና ውሻውን እዩት።