ግማሽ መንገድ ሄዶ የሚመለስ ዱካ

ጋሽ መጋዘን ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚጠብቁት ዕቃ ስላልነበራቸው ሰውን ይጠብቁ ጀመር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ቅጽል ስሙም የወጣላቸው ከዚያው ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ለሌላው ሰው ምክር ቢሆን፣ ለእሳቸው የኑሮ ሕግ ነበር። ክፉ ሰው ግን አልነበሩም። በጥርጣሬ የሚኖር ሰው ክፉ መሆን አያስፈልገውም፤ ጥርጣሬው ራሱ የክፋትን ሥራ ይሠራለታል።

አንድ ቀን ጠዋት የጓሮ አጥራቸውን ሊያዩ ሲወጡ፣ በአዲሱ መንደር ቤቶች መካከል ባዶውን በቀረው ተዳፋት ሜዳ ላይ አንዲት ወጣት ቁጢጥ ብላ መሬቱን ስትመረምር አገኟት። መናፈሻ እንድትነድፍላቸው ነዋሪዎቹ የቀጠሯት ባለሙያ ነበረች። ስለ እሷ ሰምተዋል እንጂ ፊት ለፊት ተገናኝተው አያውቁም።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አባቴ» አለች ብድግ ብላ።

«አብሮ ይስጥልን። ምን ጠፍቶሽ ነው?»

«ምንም አልጠፋኝም። ሰው በየት በየት እንደሚሄድ እያየሁ ነው።»

ይህ መልስ ለጋሽ መጋዘን ከስድብ የባሰ ነበር። ሰው በየት እንደሚሄድ የሚያጠኑ ሁለት ዓይነት ሰዎች ብቻ ያውቃሉ፤ ፖሊስና ሌባ። ልጅቷ ደግሞ መለዮ አልለበሰችም።

«ስሚ ልጄ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያንቺ ወረቀት ግን እስካሁን ባዶ ነው አሉ። እሁድ ስብሰባ ነው። እኔ የማቀርበው አሳብ አጭር ነው፤ ይህ የሜዳው ጎድጓዳ ይሞላ፣ ያ ዋርካ ይቆረጥ፣ መሬቱ ሲሚንቶ ይልበስ፣ ዙሪያው በግንብ ይታጠርና አንድ በር ይበጅለት።»

«ቁልፉስ ማን ዘንድ ይሆናል?»

«እኔ ዘንድ ነዋ!» አሉ፣ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ፊት።

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጎድጓዳው ከተሞላ የዝናቡ ውሃ ወዴት ይሂድ?»

«ወደ ቁልቁለቱ ነዋ።»

«ቁልቁለቱ ላይ ያለው የመጀመሪያው ቤት የማን ነው?»

ጋሽ መጋዘን ቁልቁል አዩ። ቤቱ የራሳቸው ነበር።

«ጎድጓዳው ከላይኛው ሠፈር የሚወርደውን ጎርፍ ተቀብሎ ቀስ እያለ ወደ መሬት ያሰርገዋል። ስንት ዘመን ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል። እኔ ዳር ዳሩን ሣርና ቁጥቋጦ ልትከልለት ነው የፈለግሁት፤ ሌላ አልነካውም።»

«ትንኙስ? የተኛ ውሃ ትንኝ እንደሚፈለፍል እኔም ሳልማር አውቃለሁ።»

«እውነትዎን ነው። ነገር ግን በአንድ ሁለት ቀን የሚሰርግ ውሃ ለትንኝ ጊዜ አይሰጥም። የሚፈለፍለው ብዙ ቀን የሚተኛው ነው። ለምሳሌ…» ዐይኗን ወደ ጓሯቸው ጣል አደረገች። «ያ ክዳን የሌለው በርሜል።»

ሽማግሌው ደማቸው ፈላ። በርሜሌን ያየች ዐይን ሌላ ምን አላየችም? ሲሉ አሰቡ።

«ሌባውንስ? በቁጥቋጦ ልትከለክይው ነው?»

«ግንብ ሌባውን ከባለቤቱ ዐይን ይሸሽገዋል፤ ሌባ የሚፈራው ሰው የሚመላለስበትን ቦታ ነው። መንገዱን በወረቀት ከመሳሌ በፊት የሰውን እግር የምከተለውም ለዚህ ነው። ያውልዎ፣ ያኛው ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚያቋርጡበት ነው። ያኛው ወደ ዳቦ ቤት ይወስዳል። አንዱን ብቻ ማንበብ አቃተኝ። ይህን።»

ከእግራቸው ሥር ያለውን ቀጭን ዱካ አሳየቻቸው። ከጋሽ መጋዘን የጓሮ በር ተነሥቶ፣ ዳገቱን ይዞ፣ ወደ ትልቁ ዋርካ ያቀናል። ዋርካው ጋ ግን አይደርስም። መሐል ላይ ሣሩ ክብ ሆኖ ተረግጧል፤ ዱካው ከዚያ ወደ መጣበት ይመለሳል። ጎን ለጎኑ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች አሉ።

ጋሽ መጋዘን ፊታቸው ዐመድ መሰለ። እሳቸው ያንን ዳገት ወጥተው አያውቁም። ባለቤታቸውም ብትሆን ወደዚህ መንደር ከመጡ ወዲህ ጉልበቷን ታማ ከመኝታ ቤት ሳሎን መድረስ እንኳ እንደሚከብዳት ነው የሚያውቁት።

«ሌባ! መሐል ላይ ቆሞ ቤቴን ያጠናል። ቀዳዳው የፌሮ ነው፤ ፌሮ ይዞ ነው የሚመጣው! እንዲህ እያየሽ ነው አጥር አያስፈልግም የምትዪኝ?»

ልጅቷ ቀዳዳዎቹን ደግማ አየች። አንድ ነገር ልትናገር አሰበችና ተወችው። «ከማጠርዎ በፊት ማን እንደሆነ ቢያዩት አይሻልም?» አለች ቀስ ብላ።

ጋሽ መጋዘን በቀጥታ ሄደው ጡጫ የሚያህል የበር ቁልፍ ገዙ። ሆኖም ሌባውን ሳይዙ በሩን መዝጋት፣ ለስብሰባው ማስረጃ ማጣት መሰላቸው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሯቸው «ዳማዬን ልጫወት ሄድኩ» ብለው ለባለቤታቸው ነግረው ወጡና፣ ዞረው ከግንባታ የተረፈ የብሎኬት ክምር ጀርባ ዱላ ይዘው አደፈጡ።

ብዙም አልቆዩም። የጓሮው በር መቀርቀሪያ ሲጢጥ አለ። ከውስጥ! ሌባው ቤት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ባለቤታቸው ደግሞ ብቻዋን ናት። ዱላውን አንሥተው ሊሮጡ ሲሉ በሩ ተከፈተ።

የወጣችው ባለቤታቸው ነበረች። ቆቧን አጥልቃ፣ ነጠላ ጫማዋን ተጫምታ፣ ምርኩዟን ለስላሳው አፈር ላይ እየተከለች ዳገቱን ጀመረችው። ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ታቃስታለች። መሐል ስትደርስ ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። የምትቀመጥበት ድንጋይ እንኳ ዙሪያዋን ፈልጋ አጣች። ዋርካው ሥር የላይኛው ሠፈር ሴቶች ተቀምጠው ይጫወታሉ። እጇን አነሣችላቸው፤ እነሱም አነሡላት። ትንሽ ቆማ ሲስቁ ካዳመጠች በኋላ ፊቷን ወደ ቤቷ መለሰች።

ጋሽ መጋዘን ከብሎኬቱ ጀርባ ወጡ። ዱላው በእጃቸው ነበር።

«አንተ ሰውዬ! ሌባ መሰልኩህ?»

«ለምን… ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትቆልፍብኛለህ።»

ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። እንደዚያ ቀን አፍረው አያውቁም። የድሮው ሠፈራቸው ትዝ አላቸው፤ ከደጃፏ የጎረቤት እግር ጠፍቶ የማያውቅ ሴት ነበረች። እዚህ ግን «ማንነቱን ከማናውቀው ሰው ጋር ምን አገናኘን» እያሉ አራት ግድግዳ ውስጥ ያስቀመጧት እሳቸው ናቸው። ክንዳቸውን ሰጥተው ደግፈው አስገቧት።

እሁድ ነዋሪው በአንዱ ቤት ጋራዥ ተሰበሰበ። ሁሉም ግንብ ግንብ ሲሉ ሊሰማቸው ተዘጋጅቶ ነበር። ጋሽ መጋዘን ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የግንቡን አሳብ ትቻለሁ። ጎድጓዳው አይሞላ፤ ከተሞላ ጎርፉ መጀመሪያ እኔ ሳሎን፣ ቀጥሎ እናንተ ሳሎን ነው የሚገባው። ዛፉም አይቆረጥ። ዛሬ ብንተክል ጥላው ለልጅ ልጆቻችን ነው የሚደርሰው፤ ያ ግን አድጎ ቆሞልናል። አጥር አይኑር፤ አላፊ አግዳሚ ያለበት ሜዳ ዘበኛ አይሻም። ልጆችም ከመኪና መንገድ ይልቅ እዚያ ይሩጡ። ዳገቱ ላይ ግን መንገዱ ዞር ዞር እያለ ይውጣ፤ ቀጥ ያለው ጉልበት ይሰብራል። መጀመሪያ የሚሠራው መቀመጫ ደግሞ መሐል ላይ ይሁን፣ ያ ዱካ የሚመለስበት ቦታ።»

ከኋላ የተቀመጠው የመንደሩ ጸጉር አስተካካይ ዐይኑን አጥብቦ፣ «ጋሽዬ፣ እንዲያው ምን ቢሰጡዎት ነው?» ሲል ጠየቀ።

የዘሩት ጥርጣሬ በቅሎ መልሶ ወጋቸው። ነገር ግን አልተቆጡም።

«ሚስቴን» አሉ።

ነዳፊዋ አንገቷን ደፍታ፣ ባዶ ነው በተባለው ወረቀቷ ላይ መቀመጫውን ሣለች።

ክረምቱ ሲመጣ ጎድጓዳው ጎርፉን ዋጠው፤ የማንም ሳሎን አልረጠበም። ያ ትልቅ ቁልፍም ሥራ አልፈታም፤ በርሜሉ ክዳን ተበጅቶለት በእሱ ተቆለፈ። ሰው አመሉን ባንድ ቀን አይጥልም።

ዝናቡ ባባራበት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው መሐል ያለው አግዳሚ ላይ ጥቂት አረፈችና፣ ተነሥታ ዋርካው ሥር ደረሰች። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«እኛ እኮ» አለች አንደኛዋ፣ «ሁልጊዜ ከሩቅ ሰላም ብለሽን ስትመለሺ፣ ንቀሽን ነው ብለን እንጠረጥርሽ ነበር።»

«ኧረ በሞቴ! እኔማ መቀመጫ አጥቼ ነው።»

ሳቃቸው እስከ ታች ተሰማ። ጋሽ መጋዘን የጓሮውን በር ክፍት ትተው ወደ ዳማቸው ሄዱ።